ስፒናው ተነቅሎ የበራችው መብራት

ባታምኑኝ አልቀየምም... እኔም በዓይኔ ባላይ አላምንም ነበር።

ግን ሆኗል። ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ በታላቅ እህቴ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ።

እኔ ኤሌክትሪክ ጠጋኝ ነኝ። የእህቴ የእንጨት መቅረጫ ማሽን ሞተሩ ያቃስታል እንጂ አይዞርም።

ከጠዋት ጀምሮ ስታገለው ነበር። ገመዱን ቀየርኩ... ያው ነው። ሞተሩን የሚያዘውን ሳጥን፣ ድራይቨሩን፣ በአዲስ ተካሁ... ትንሽ ዞሮ ቀጥ አለ። የድሮውን ፈትቼ እንደገና በየድኩ... አሁንም ያው። እልህ ሊያንቀኝ ደረሰ።

«እችላለሁ ብለህ አልነበር?» አለች እህቴ። «የታዘዝኩትን በር ነገ ካላስረከብኩ ደንበኛው ይሄድብኛል።»

«እታለም፣ በእናታችን ዝም በዪኝ።»

ስፒናውን ነቅዬ ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። አቀርቅሬ ድራይቨሩን ሳይ...

አረንጓዴዋ መብራት በራች።

ጠፋች... ደግሞ በራች።

አልደነገጥኩም። ተናደድኩ እንጂ። እንዲህ ዓይነቱን ሞተር በእጅ ሲያዞሩት ራሱ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ መብራቷን ያበራታል። ሞተሩ ደግሞ ከማሽኑ ኋላ፣ በግድግዳው በኩል ነው።

«እታለም፣ ሞተሩን አትንኪው አላልኩም?»

«የቱን ሞተር?»

ድምጿ የመጣው ከበሩ ነው... ከጀርባዬ።

ዞር አልኩ። እጆቿን አጣጥፋ ቆማለች። ከሁለታችን ሌላ ሰው የለም። በማሽኑና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት እንኳን ሰው፣ እጅም አያስገባም።

የሞተሩን ሽቦዎች ከድራይቨሩ ላይ መነጨቅኳቸው። መብራቷ ጠፋች። እፎይ አልኩ።

ያኔ ሞተሩ የሚያንቀሳቅሰው የማሽኑ ራስ መሄድ ጀመረ... ትንሽ ሄዶ ይቆማል... ትንሽ ሄዶ ይቆማል... ሞተሩን የሚያዞረው ሰው እጁ የዛለ ይመስል።

«ጠፍቷል አላልክም?» አለች በሹክሹክታ።

«ጠፍቷል።»

«ታዲያ...»

«ውጪ። ቀድመሽ ውጪ።»

በነጋታው ደንበኛው ተቆጥቶ ሄደ። እኛም የሰፈር ጎረምሶችን ለምነን ማሽኑን ከግድግዳው አራቅነው።

ከኋላው የስንት ዓመት ሰጋቱራ ወለሉን አልብሶታል። አንድም የእግር ዱካ የለበትም።

ከሞተሩ ሥር ብቻ ባዶ ቦታ አለ... ጉልበቱን አቅፎ የተቀመጠ ሰው የሚያክል።

እህቴ ጎንበስ ብላ መዳፏን አሳረፈችበት። ወዲያው ሰበሰበችው።

«ይሞቃል» አለችኝ።