ሲለኩት ደህና ነበር

ማመኑን ለእናንተ ትቻለሁ። እኔ የሆነውን ነው የምጽፈው።

አውቶቡስ ውስጥ ነኝ። ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ነው የምጽፈው፣ ስለዚህ ማሳመር የለም።

ዛሬ ነው የሆነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ጠራራ ፀሐይ፣ የራሴ ሳሎን።

እናቴ ሌላ ከተማ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ዳሌዋ ተሰብሮ ገና አልገጠመም። ሐኪሙ «ብቻዋን ከተነሳች ሁለተኛ አትቆምም» ብሎናል። ጠዋት ጠዋት አስታማሚ አለቻት። ከሰዓት በኋላ እኔ ነኝ፣ በቪዲዮ። ላፕቶፑን ከፍቼ ሥራዬን እየሠራሁ በዓይኔ እጠብቃታለሁ።

ችግሩ፣ ምስሉ ይደርቃል።

አፏ እንደተከፈተ... ዝም። አንዳንዴ ሻይ አፍልቼ እስክመለስ።

የኢንተርኔት ፍጥነት መለኪያውን እከፍታለሁ። አረንጓዴ። «እጅግ ፈጣን» ይላል። ስዘጋው እናቴ አሁንም እንደ ፎቶ ደርቃለች።

ባለፈው የመስመር ሠራተኛውን ጠራሁት። ሰፈሩ «ሽቦ» ነው የሚለው። የኢንተርኔት ሳጥኑን ነካካና ሳቀ።

«እህቴ፣ የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ ነው ይሄ ነገር። ለጥቂት ሰከንድ ሲለኩት ጨዋ ይሆናል። ሲኖሩበት ነው ጉዱ።»

«ታዲያ ምኑን ነው የሚለካው?»

«ከቤትሽ እስከ ቅርቡ ጣቢያ ያለውን። ከዚያ ወዲያ፣ እናትሽ ጋ እስኪደርስ ያለውን መንገድ አያየውም።»

«እዚያ መንገድ ላይ ምን አለ?»

«እኔ ምን አውቄ።»

ሄደ።

የዚያን ቀን ምስሉ ሲመለስ እናቴን ይቅርታ ጠየቅኳት።

«ስለምኑ?» አለች።

«ተቋረጠ እኮ።»

«መቼ? ስታጫውቺኝ አልነበር እንዴ? ደሞ ፀጉርሽን ስትለቂው እንዴት ያምርብሻል።»

ፀጉሬ ታስሮ ነበር። ሁሌም እንደታሰረ ነው።

«ዛሬ አልተቆጣሽኝም» አለች እየሳቀች። «ምን ነካሽ?»

መድኃኒቱ ነው ብዬ ተውኩት። እኔ ነገር ቶሎ ነው የምተው።

ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ደረቀች።

ለካሁ። አረንጓዴ።

በተራ ስልክ ደወልኩላት። አነሳች። በሹክሹክታ...

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«የቷ አንቺ?»

«እማዬ፣ ቀልዱን ተይው።»

«ልጄ እዚህ እያወራችኝ ነው። ቆይ... ስልኩን ዝጊው እያለችኝ ነው።»



«ሌላ ምን አለችሽ?»

«ደርሻለሁ፣ ተነሺና በሩን ክፈቺልኝ አለችኝ።»

«እንዳትነሺ። እማዬ፣ እንዳትነሺ። ሰማሽ?»

«ይኸው ቁጣሽ መጣ» አለች። ተዘጋ።

ደግሜ ደወልኩ። አይነሳም። የጎረቤቷም አይነሳም።

ያኔ ምስሉ ተንቀሳቀሰ።

ወንበሩ ባዶ ነው። ምርኩዟ ግድግዳው ላይ እንደተደገፈ ነው። መሬት ላይ የወደቀ ሰው የለም።

የስክሪኑ ጥግ ላይ ራሴን የማይባት ትንሿ መስኮት አለች። ዓይኔ እዚያ ሄደ።

ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነው። አፌ ተዘግቷል።

እዚያ ውስጥ ያለችው ስልክ አልያዘችም። ፀጉሯ ተለቋል። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል... ረጋ ብሎ። ድምፅ የለም፣ ግን ከአፏ አነበብኩት።

ቀስ በይ፣ እማዬ። ቀስ...

እኔ እናቴን ቀስ በይ ብያት አላውቅም። ቶሎ በይ እንጂ።

ላፕቶፑን ሳልዘጋ ወጣሁ።

አሁን ከተማዋ ልንገባ ነው። ቅድም ስልኳ በመጨረሻ ተነሳ።

«እማዬ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። ፀጉሬን እያበጠርሽኝ ምን ያስደውልሻል?»

«በሩን ማን ከፈተላት?»

«እኔ ነኛ። በእግሬ ሄጄ።»

«ስልኩን ስጫት።»

ማበጠሪያው በፀጉሯ ውስጥ ሲያልፍ ይሰማኛል። ሸር... ሸር... ቆመ።

«አትቸኩይ» አለችኝ። በራሴ ድምፅ።

ማበጠሪያው እንደገና ጀመረ።