የሐይቁ ሥር ስንጥቅ

ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ፤ ማክሰኞ ጠዋት የሀዋሳ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ሳቡ። እንደ ወትሮው ቆሮሶ ዓሣ ወጣ። ከቆሮሶው ጋር ክብሩም ወጣ፤ ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል።

ክብሩ ከጀልባ ኋላ በሚጎተት ገመድ የሐይቁን ወለል በኤሌክትሪክ እየለኩ ፍል ውኃ ከሚፈልጉት ባለሙያዎች አንዱ ነበር። ጀልባ ነጂው ሙክታር ወዲያው ታሰረ። «ሰኞ ሐይቁ ዳር ቡሹሎ ላይ በሰላም ነው ያወረድኩት» ቢልም የሰማው የለም። አለቃቸው ኢንጂነር አልአዛር «ሰኞ መሃል ሐይቅ ላይ ስለካ ሁለቱ ሲደባደቡ በዓይኔ አይቻለሁ» ብለዋላ።

ኢንስፔክተር ዮዲት ታቦር ለቅሶ ቤት ስትደርስ የሟች እናት ወይዘሮ ጸሐይወርቅ የአልአዛር ትከሻ ላይ ተደግፈዋል። ነፋስ ድንኳኑን ባነቃነቀ ቁጥር «መጣ» ይላሉ። ሰው ሁሉ መግቢያውን ያያል፤ ከዚያ ያላየ መስሎ መሬት ያያል። የሙክታር ሚስት ሙንተሃ ጥግ ቆማለች፤ ተቀመጪ ያላት የለም።

ዮዲት የክብሩ ባልደረባ ሩሀማ አጠገብ ተቀመጠች።

«አንድ ቦታ ሁለቴ ለምን ይለካል?»

«የወለሉ ድንጋይ ስንጥቅ በስንጥቅ ነው» አለች ሩሀማ። «ስንጥቁ ሁሉ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሄዳል፤ ጨዋማ ውኃ ሞልቶታል። ኤሌክትሪክ ስንጥቁን ሲከተል ይሮጣል፤ ሲያቋርጥ ይቸገራል። ስለዚህ በሁለቱም አቅጣጫ እንለካለን።»

«እንጨት ስትፈልጪ እንደሚሆነው።»

«እንደዚያው።»

«መዝገባችሁ እንደሚለው ያንኑ ቦታ ምሥራቅ ምዕራብ ክብሩ እሑድ ለካ። ሰሜን ደቡብ ኢንጂነር ሰኞ ለኩ። ውጤቱስ?»

ሩሀማ ነጠላዋን አስተካከለች። «አንድ ነው።»

«ይሆናል?»

«እዚህ ሐይቅ ላይ አይሆንም።»

ዮዲት ተነሣች። ድምፅዋን አላነሣችም፤ ለቅሶ ቤት ግን ሹክሹክታ ሩቅ ይሄዳል።

«ኢንጂነር፣ ሰኞ አልለኩም። የክብሩን ቁጥር ገልብጠዋል። መሃል ሐይቅ ካልነበሩ ድብድቡን ከየት ሆነው አዩት?»

«መሣሪያ ይበላሻል፣ እህቴ።»

«ይበላሻል። ተበላሽቶ የሰው ቁጥር እስከ ነጥቡ አይደግምም። ባጃጅ ነጂው አብዱራህማንም ሰኞ ቡሹሎ እንዳደረስዎት ቃሉን ሰጥቷል። እዚያ ማን ቀጠረዎት?»

የመለሰችው ሩሀማ ናት፤ አንገቷን እንደደፋች።

«ክብሩ ነው። ሳይለኩ ቁጥር እንደሚፈጥሩ ደርሶበት ነበር። ‹ለመሥሪያ ቤቱ ከመናገሬ በፊት ለራሳቸው ልንገራቸው፤ አለቃ ናቸው› ብሎኛል።»

«እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?»

«አለቃ ናቸዋ።»

ድንኳኑ ውስጥ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ከአልአዛር ትከሻ ቀና አሉ። አልጮኹም። ፊቱ የቀረበለትን፣ ገና ያልጀመረውን የምሳ ሳህን አነሡና ጥግ ድረስ ሄደው ለሙንተሃ ሰጧት።

«ሳይቀዘቅዝ ለባልሽ አድርሺለት፣ ልጄ።»