ባለ ዘጠኝ ዓምዱ ካርድ

ዝርዝሩ አምባዛው አፍ ውስጥ ነበር።

ገነነ ዓሣውን ከዘካሪያስ እጅ ተቀበለ። ጫሞ ሐይቅ ዳር፣ በጠራራ ፀሐይ። ሁለት ሚሊሻዎች ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ያዛጋሉ።

«አርባ ሦስት ነፍስ» አለ ዘካሪያስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሁሉም የኛ ናቸው። አሮጌው ካርዳቸው ላይ አማኝ መሆናቸው በቀይ እርሳስ ተመልክቷል።»

«አዲሱ ላይ አይኖርም።»

«ጌታ ይባርክህ፣ ወንድሜ ነጭ ሳር።»

ነጭ ሳር የምስጢር ስሙ ነው። ለአርባ ምንጭ ሰው ግን ገነነ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ «እሺ ጓድ» የሚል። እዚያ ያስቀመጡት ጸሎት ቤታቸው ከተዘጋ ወዲህ በድብቅ የሚሰበሰቡት ምእመናን ናቸው።

ከአዲስ አበባ አዲስ የነዋሪ መመዝገቢያ ካርድ መጥቷል። የድሮው ስድስት ዓምድ ነበረው፤ አዲሱ ዘጠኝ። የተጨመሩት ሦስቱ የት እንደምትጸልይ፣ ከማን ጋር፣ ማን ቤት የሚጠይቁ ናቸው። የነዋሪው ካርድ ሁሉ በዚሁ ሳምንት ተገልብጦ ሲያልቅ የምእመናኑ አፈሳ ይጀመራል።

አለቃው ጓድ ተክለጻድቅ ነው። እንዲህ ያለ ስም ይዞ እግዚአብሔር የለም እያለ የሚሰብክ ጉድ! መዝገብና ማገዶ አይለይም።

ገነነ ሥራውን ያውቃል። ቅጽ ሲለወጥ መጀመሪያ በአንድ ቀበሌ ይሞከራል። አዲሱ እስኪጣራ አሮጌው አይነካም፤ ከተበላሸ ወደሱ ይመለሳሉ። የራሱንም ተንኮል እንዲሁ ሞከረ። ላንቴ ቀበሌ ላይ ኦይታ ለሚባል፣ ለሌለ ሰው ንጹሕ ካርድ ፈጠረ፤ መኖሪያውን ሙዝ እርሻ መሀል ያለች ባዶ ጎጆ አደረገ። ሰውም እንደ ካርድ ይሞከራልና፣ «ኦይታ ሰባኪያችን ነው፣ እዚያ ተደብቋል» ብሎ ለዘካሪያስ ብቻ ነገረው።

ተክለጻድቅ ካርዱን ፈረመ። ሳያነብ፣ እንደ ልማዱ።

ማክሰኞ ጧት ሚሊሻ ጎጆዋን ከበበ።

ካርዱ ፈተናውን አለፈ። ዘካሪያስ ወደቀ።

አፉ ቅቤ፣ ልቡ ጩቤ! ገነነ ከመደንገጥ ይልቅ ተጸየፈው። ይሄ ሰው ወንድሞቹን የሚሸጠው በችርቻሮ ነው፤ ትልቁን ዕቃ፣ ነጭ ሳርን፣ ለመጨረሻ አስቀምጦታል። ዛሬ ነገ ይሸጠዋል። ያን ጊዜ አሮጌውን ካርድ ከአዲሱ ካመሳከሩ አርባ ሦስቱም አለቀላቸው።

አሮጌው መቃጠል አለበት።

ቀኑን ሙሉ ጻፈ። አርባ ሦስቱን ንጹሕ አደረጋቸው። በመጨረሻ የራሱን ካርድ አወጣ። እሱስ እንደሆነ መሸጡ አይቀርም፤ ቀሪው እንዲታመንለት አማኝነቱን በእውነት ሞላ። «ሚስት» የሚለው ላይ ደረሰ። ሉሊትን ይወዳታል። በሱ ሰበብ እንዳትያዝ «የተፋታ» ብሎ ጻፈ።

ረቡዕ አለቃው ቢሮ ገባ። ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች ተቀምጠዋል።

«ጓድ፣ አሮጌው አንድ ወር ይቀመጥልን። ስሕተት ቢገኝ መመለሻ እንዲኖረን።»

«መመለሻ?» ተክለጻድቅ እንግዶቹን እያየ ደረቱን ነፋ። «አብዮት መመለሻ የለውም! አውጥታችሁ አቃጥሉት!»

«ጓድ፣ እባክዎ...»

«አሁኑኑ አልኩ!»

ወይ ጅል! ገነነ የተቆጡት መስሎ ፊቱን አጥቁሮ ወጣ። ቀይ እርሳሱ ሁሉ ግቢው ውስጥ ነደደ። ገነነም በጓሮ በር ሾልኮ ሄደ።

ዘካሪያስ የደኅንነት ሰዎችን አስከትሎ ሲደርስ ያገኘው አመድ ነው። የአርባ ሦስቱን ስም አንድ በአንድ ጠራ። ካርዳቸው ሁሉ ንጹሕ። «ካርዶቹ ልክ ናቸው!» ብሎ ተክለጻድቅ ማለ፤ የፈረመውም ያቃጠለውም እሱ ነዋ!

«ባዶ ጎጆ ያስከበብከን አንተ አይደለህም እንዴ?» አሉት ዘካሪያስን። አስረውት ሄዱ።

ከስምንት ወር በኋላ አባያ ዳር አንድ ጢማም ሰው መረብ ይጠግናል። ላቀው ይሉታል። ሉሊት ዓሣ ልትገዛ መጣች። አየችው። አወቀችው።

«የዚያ የከሃዲው ሚስት አይደለሽ?» አላት በዚያ የሚያልፍ ሚሊሻ። «ወዴት ገባ?»

«እኔ ምን አውቄለት! ድሮ የተፋታሁት ሰው ነው፤ ቢሞትም ግድ የለኝ» አለችና እንትፍ አለች። ምራቋ መረቡ አጠገብ አረፈ።

ሚሊሻው ስቆ አለፈ። እሷም ከሌላው ዓሣ ሻጭ ገዝታ ሄደች።

«ጎሽ፣ የኔ ጀግና» አለ ገነነ በሆዱ። ቀና ብሎ አላያትም፤ ዕንባው መረቡ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።