ርካሹ ማይክሮፎን

ኪቦርድ ተጫዋቹ ኤሊሴዮ የሞተው ኪቦርዱ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ አዲሱ ማይክሮፎን ጭንቅላቱ ላይ እንደታሰረ ነው። የተመታበት የብረት የኪቦርድ ማቆሚያ አጠገቡ ተጋድሟል።

ኩምቢያ የተባለውን የጭፈራ ሙዚቃ የሚጫወተው ባንድ መለማመጃ ክፍል መስኮት የለውም። ፖሊሶች የብረቱን በር ከውጭ ስለዘጉት የቦነስ አይረስ የጥር ሙቀት ውስጡ ታምቆ ሰው ይቀቅላል። ከበሮ መቺው ዳልሚሮ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ላቡን ይጠርጋል። ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ብቻውን የገባውም እሱ። ሚስቱ ልትወልድ ሁለት ሳምንት ቀርቷታል። ወጥመዱ ሲጠብቅበት ይታወቀዋል፤ መውጫው ግን አልታየውም።

ኢንስፔክተር ሆርቴንሲያ ባሳን፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የወረደ አጭር ሴትዮ፣ ወደ ባንዱ አለቃ ወደ ሩፊኖ ዞረች።

«እስቲ ድገምልኝ።»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሁለታችን ብቻ ነበርን። በሩን ዘግቼ ስወጣ ይዘፍን ነበር። ከዚያ ከኖኤሚ ጋር መንገዱ ጥግ ላይ የቋሊማ ሳንድዊች፣ ቾሪፓን፣ ስንበላ ቆየን፤ ትመስክር።»

ዘፋኟ ኖኤሚ ዓይኗን እየጠረገች በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«በራሱ ድምፅ ነበር የሚዘፍነው?»

«ኧረ በሮቦት ድምፁ! ኪቦርዱ ላይ ያለውን ድምፅ የሚለውጠውን ቮኮደር ከፍቶ፣ አዲሱን ማይክሮፎን አድርጎ፣ እንደ ልማዱ ጎረቤት ሲያደነቁር።»

«በጆሮህ ሰማህ?»

«በሁለቱም! ከዚያ ማን ገባ? ይኸው ይሄ!» ጣቱን ዳልሚሮ ላይ ቀሰረ። «ወንድሜ ነው ትል አልነበር፣ አንተ ከሃዲ!»

ባሳን ጓንቷን አጥልቃ ማይክሮፎኑን ፈታች፤ የጭንቅላት ማቀፊያውን ገልብጣ አየችው። ኪቦርዱን ከፍታ ወደ ማይክሮፎኑ እየተናገረች ቁልፎቹን ተጫነች። ጭጭ። ደገመችው። አሁንም ጭጭ።

«ምን ሆኖ ነው? አንተ፣ ከበሮ መቺው፣ ታውቃለህ?»

«አይሠራም እኮ፣ እመቤቴ» አለ ዳልሚሮ። «ርካሽ ነው፤ ኤሌክትሪክ ካልተሰጠው አይሰማም፣ ይሄ ኪቦርድ ደግሞ አይሰጥም። ቮኮደሩ የሰው ድምፅ ካልገባለት ቁልፎቹን ቢጨፈልቋቸውም አይተነፍስም።»

«አሮጌው የት አለ?»

«ትናንት ጭፈራ ቤት ሽቦው ተበጥሶ እዚያው ጣልነው» አለች ኖኤሚ።

ባሳን ሦስቱንም ሬሳው አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«ይህ ዕቃ ዛሬ ድምፅ አላወጣም፤ እዚህ ክፍል ውስጥ ሌላም ማይክሮፎን የለም። ስለዚህ ሩፊኖ ሰማሁ ያለው ዘፈን አልተዘፈነም። አሁን ማቀፊያውን እዩት። ደሙ ከውስጥ በኩል ብቻ ነው፤ ከላዩ ጠብታ የለም። ኤሊሴዮ ከተመታ በኋላ ነው የታሰረለት፣ ሲለማመድ የሞተ እንዲመስል። ለምን? ከዘጠኝ ሰዓት በኋላም በሕይወት ነበር እንድንል። ከዘጠኝ በፊት ግን አብሮት የነበረው አንድ ሰው ነው፤ ራሱ ነግሮናል።»

ሩፊኖ ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ አልመጣለትም።

«ወደ ሌላ ባንድ ልሄድ ነው አለኝ» አለ በመጨረሻ። «ያለ እሱ እኛን ማን ይጠራናል? ማን?»

የብረቱ በር ተከፈተ። ሩፊኖን ወሰዱት፤ ኖኤሚም ወጣች። ዳልሚሮ ግን ከቆመበት ንቅንቅ አላለም።

«ሂድ እንጂ ወደ ሚስትህ።»

«ይሄን ከመግዛቱ በፊት ወር ሙሉ ለምኜዋለሁ» አለ ዳልሚሮ። «ትንሽ ጨምረህ ኤሌክትሪክ የማይፈልገውን ግዛ፣ ግትር አትሁን እያልኩ። ሳቀብኝ። ሰምቶኝ ቢሆን ኖሮ…»

«ሰምቶህ ቢሆን ኖሮ» አለች ባሳን፣ «ማይክሮፎኑ ይሠራ ነበር፤ እኔም ሩፊኖን አምኜ አንተን አስርህ ነበር።»

ዳልሚሮ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ስለ ጓደኛው ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።