ገና እስኪያልፍ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ኀምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፥ በወርኀ ታኅሣሥ ማገባደጃ፥ በአዲስ ከተማ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለው ሰፈር በዓል የሚጠብቅ አይመስልም ነበር። የክቡር ዘበኛው ግርግር ከከሸፈ ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም፤ በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የታጠቁ ወታደሮች መንገደኛውን እያስቆሙ ይፈትሻሉ፤ ነጋዴው የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ ጆሮውን ወደ መንገዱ ጥሎ ይውላል፤ በሜዳው ላይ የገና ዱላ ይዞ የሚሯሯጥ ጎረምሳ አይታይም፤ ሰብሰብ ብሎ መታየት አያዋጣምና። ሰዉ ደክሞት ነበር፤ ፍርሃትም ሲውል ሲያድር እንደ ሸክም ያደክማል።

ከሁሉ ይልቅ የደከሙት የአቡጀዲ ነጋዴው አቶ ቦጋለ ነበሩ። እኒህ ሰው ከጎጃም መጥተው በመርካቶ ካረጁት አንዱ ሲሆኑ፥ የሰፈሩን የበዓል ቅርጫ በየዓመቱ የሚያሰባስቡ፥ በሬውን የሚያስገዙ፥ መደቡን የሚያስተካክሉ እርሳቸው ናቸው። በዚያ ሰሞን ግን በልባቸው ከባድ ነገር ተሸክመው ይዞሩ ነበር። ግርግሩ በበረደ ማግስት አንድ የክቡር ዘበኛ ወታደር መለዮውን አውልቆ፥ ጋቢ ተከናንቦ ወደ ሱቃቸው ገባና፥ ጎረቤታቸው ሃምሳ አለቃ ደመቀ በግንፍሌ ወንዝ አጠገብ ተመትቶ መሞቱን፥ አልቃሽ ሳይቆምለት መቀበሩን ነግሯቸው፥ ለሚስቱ እንዲያረዱ አደራ ብሎ ወጣ። አቶ ቦጋለ የደመቀን ወንድ ልጅ ክርስትና ያነሡ አበ ልጅ ናቸውና መርዶው ከእርሳቸው አያልፍም ነበር። ዛሬ እነግራታለሁ፥ ነገ እነግራታለሁ እያሉ ቀኑን ገፉት፤ በመጨረሻም ገና እስኪያልፍ ብለው ቆረጡ።

ምስጢሩን ያካፈሉት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሳቸውም ከወሎ የመጡት ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ዘይኑዲን ናቸው። ዘይኑዲን እስላም ስለሆኑ ከሥጋው ድርሻ የላቸውም፤ ድርሻ የሌለው አያዳላም ተብሎ የቅርጫውን ዕጣ ከጥንት ጀምሮ የሚጥሉ እርሳቸው ነበሩ።

«እኛ ዘንድ መርዶ አያድርም» አሉ ዘይኑዲን መዶሻቸውን አስቀምጠው። «ያቺ ሴት በር በሩን እያየች ነው የምትውለው። ይንገሯት አቶ ቦጋለ፤ እርስዎም ይረፉ፥ እርሷም ትረፍ።»

«በዓሉ ለልጆቹ ነው። ከዚህ በኋላ ከል ለብሰው የሚውሉበት ዘመን ብዙ ነው፤ ይህችን አንዲት ቀን እንኳ ይሳቁባት።»

ዘይኑዲን ልባቸው ሳይቀበለው መዶሻቸውን አነሡ። አቶ ቦጋለም የደመቀን ስም እንደ ወትሮው ከቅርጫው አስገብተው፥ ለሚስቱ ለወይዘሮ ሠርኬ ድርሻዋ እንዳልቀረ፥ ዕቃ ይዛ እንድትመጣ ላኩባት።

በዚያ ሰፈር ሐዘን የገባበት ቤት ቅርጫ አይገባም፤ የሞተ ሰው ስምም ከዕጣ አይቆጠርም። ይህን ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል፤ አቶ ቦጋለ ግን ስለ ልጆቹ ሲያስቡ ይህ ነገር ከነጭራሹ ትዝ አላላቸውም። ሠርኬ በበኩሏ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከጦር ሰፈሩ በር እስከ እስር ቤቱ በር ስትንከራተት ከርማ፥ አለም ሞተም የሚላት አጥታ ነበር። መልእክቱ ሲደርሳት በቆመችበት ተቀመጠች። አቶ ቦጋለ አንድ ነገር ሳይሰሙ ስሙን አያስገቡም፤ በግልጥ ያልነገሯት ነጭ ለባሹን ፈርተው ነው አለች በልቧ። ያን ዕለት ልጆቿን አጠበች፥ ቄጤማ አስመጣች፥ የባሏን ሸሚዝ አጥባ ተኮሰች።

የገና ዕለት ጠዋት በሬው ታርዶ ሥጋው በኮባ ቅጠል ላይ ተመደበ። ባለድርሻው ሁሉ መለያ ጠጠሩን ወይም ስንጥሩን ለዘይኑዲን ሰጠ፤ እርሳቸውም ጀርባቸውን ሰጥተው ከቆሙበት ዞረው በየመደቡ ላይ ጣሉት። ሠርኬ የደረሳትን መደብ አይታ ሳቀች፤ ከልቧ ነበር የሳቀችው። ሳቁ ተጋባ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሰነበተው ጎረቤት ተቃለደ፥ ጠላው ተቀዳ፥ እስከ ቀትር ድረስ ሰፈሩ በእርግጥ በዓል ዋለ። አቶ ቦጋለ ደስ አላቸው፤ ደግ ሥራ እንደ ሠሩም አሰቡ።

ከሰዓት በኋላ እንኳን አደረሰሽ ሊሏት ወደ ቤቷ ጎራ አሉ። ልጆቹ እየጨፈሩ ነበር። በጠረጴዛው ላይ ግን በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ሳህን፥ አጠገቡም ባዶ ብርጭቆ ተቀምጧል። ሠርኬ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች።

«ጋሼ፥ ይንገሩኝ ብዬ አላስቸግርዎትም፤ ጆሮ ብዙ ነው። ስሙን ሲያስገቡ ገብቶኛል። እግዜር ይስጥልኝ።»

አቶ ቦጋለ ያን ጊዜ ያደረጉትን ዐወቁ። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ልጆቹ እያዩዋቸው ነበር፤ «በይ፥ እንኳን አደረሰሽ» ብለው ወጡ። እቤታቸው ደርሰውም እህል አልቀመሱም።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ አቶ ቦጋለ ሁለት ሽማግሎች አስከትለው የሠርኬን በር አንኳኩ። ዘይኑዲንም ሳይጠሩ መጥተው ከኋላ ቆሙ። በዚያ ሰዓት በር የሚያንኳኳ ሽማግሌ ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም፤ ሠርኬ ግን ተስፋዋ ዐይኗን ሸፍኖት ነበርና በሩን እየሳቀች ከፈተች። በትከሻቸው ላይ ተንጠራርታ ከኋላቸው ያለውን ሰው ተመለከተች፤ ዘይኑዲን መሆናቸውን ስታይ ሌላ ሰው እንዳለ ፈለገች።

«የት አደረጋችሁት?» አለች። «አመመው እንዴ፥ መራመድ አቃተው?»

አቶ ቦጋለ ሊናገሩት ያዘጋጁት ቃል ሁሉ ጠፍቷቸው፥ በደጃፏ ላይ እንደ ልጅ አለቀሱ፤ እርሷም ከእንባቸው ተረዳችው።

የዚያን ታኅሣሥ ነገር የጻፉ ሰዎች የጄኔራሎቹንና የመኳንንቱን ስም በየማዕርጋቸው መዝግበዋል፤ ማን ምን እንዳለ፥ ማን የት እንደ ወደቀ ተከራክረውበታል። ከራጉኤል ጀርባ ስለ ዋለው በዓል የጻፈ የለም። የሠርኬ ልጆች አድገው፥ ስለ ልጅነታቸው በተጠየቁ ቁጥር፥ እንደዚያ ዓመት ደስ ያላቸው ገና እንዳልነበረ ይናገሩ ነበር። እናታቸው ይህን ስትሰማ ተነሥታ ትወጣለች።