የገብስማ ሰባት ዕንቁላሎችና የጾሙ ኬክ

ጠጋ በሉ፤ ትራሱንም አቀብሉኝ። ዛሬ እኔም ደክሞኛል፣ ታሪኩም ደክሟቸው ስለሚውሉ ሁለት ጎበዞች ነው።

አንዷ እትዬ ይርገዱ ናቸው። በደሴ ከተማ፣ በአንዲት ጠባብ ግቢ ውስጥ፣ ኬክ ጋግረው በመስኮት ይሸጣሉ።

ኬካቸው ከታች ስስ ሊጥ ነው፤ መሃሉ ቀይ ማርማላታ፣ ላዩ የተፈጨ ለውዝ። እምም! እንዴት ይጣፍጣል!

ሁለተኛዋ ገብስማ ናት። ገብስማ ዶሮ ናት፤ ላባዋ ነጭና ጥቁር ነጠብጣብ ነው።

ገብስማ በየጠዋቱ አንድ ዕንቁላል ትጥላለች። ዕንቁላሉ ገና ሳይቀዘቅዝ እጅ ይመጣል።

«እሰይ የኔ ገብስማ!» ይላሉ እትዬ ይርገዱ። ዕንቁላሉን ወስደው ኬኩ ውስጥ ይመቱታል።

ገብስማም ትጮሃለች፦ «ቋ! ቋ! ቋ! ደክሞኛል በቃ!»

እትዬ ይርገዱም ምድጃው ፊት ቆመው ይውሉና፣ «ኡፍ! ወገቤን!» ይላሉ።

ገብስማ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዕንቁላሎቿን ታቅፋ ጫጩቶቿን ማየት። ግን በየት በኩል! አንድም ቀርቶላት አያውቅም።

ታዲያ አንድ ቀን ጾም ገባ። ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ ዕንቁላልም የለም።

በዚያን ጠዋት እጅ አልመጣም። በማግስቱም፣ ሳምንቱንም ሙሉ አልመጣም።

ገብስማ ቆጠረች። አንድ! ሁለት! ሦስት! አራት! አምስት! ስድስት! ሰባት!

«ዘንድሮስ እናት ልሆን ነው!» አለችና ዕንቁላሎቿ ላይ ቁጭ አለች።

ማቀፍ ዕረፍት እንዳይመስላችሁ! ሃያ አንድ ቀን ሙሉ መቀመጥ ነው፤ እግር ይደነዝዛል።

ውሃ እንኳ የሚጠጣው በሩጫ ነው። ዕንቁላል ከቀዘቀዘ ጫጩት የለማ!

«ቋ! ቋ! ቋ! ደክሞኛል በቃ!» አለች ገብስማ። ግን አልተነሳችም።

ማድ ቤት ደግሞ እትዬ ይርገዱ የጾም ኬክ ይጋግራሉ። በቅቤ ፋንታ ዘይት አደረጉ። በዕንቁላል ፋንታስ ምን ይደረግ?

ውሃ አደረጉ። ኬኩ ተፈረፈረ።

ሙዝ አደረጉ። ኬኩ ላቆጠ።

ምንም ሳያደርጉ ጋገሩት። ኬኩ ገና ሲነካ «ፍርክስ!» አለ።

«ኡፍ! ወገቤን!» አሉ እትዬ ይርገዱ።

«ኳ! ኳ! ኳ!» መስኮቱ ተንኳኳ። አባባ ድንቁ ናቸው፣ የሰፈሩ ሽማግሌ፤ በወረቀት ፍርፋሪ ይዘዋል።

«ይርገዱ ልጄ፣ ይሄን ኬክሽን በእጄ ልብላው ወይስ በመጥረጊያ ልጥረገው?»

«ይቅርታ አባባ። ዕንቁላል ከሌለው አልያዝ አለኝ።»

«ነገ የነፍስ አባቴ ቄሱ ይመጣሉ። ደህና የጾም ኬክ አድርጊልኝ። እንግዳ ፊት እንዳታሳፍሪኝ፣ አደራ!»

አባባ ድንቁ ሄዱ። እትዬ ይርገዱ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ብዙ ቆዩ። ኬክ ገዢው ሁሉ እየቀረባቸው ነው፤ ዱቄቱም እያለቀ ነው።

ከዚያ ተነሱ። ቀስ ብለው ወደ ገብስማ ሄዱ።

እጅ መጣ።

«አንድ ብቻ፣ የኔ ገብስማ» አሉ በሹክሹክታ። «ማንም አያውቅብንም።»

ገብስማ እጃቸውን «ጠቅ!» አደረገችው። ምን ዋጋ አለው! ሰባተኛው ዕንቁላል ተወሰደ።

ገብስማ ጨነቃት። ብትሄድ ስድስቱ ይቀዘቅዛሉ፤ ብትቀመጥ ሰባተኛው ይሰበራል።

ስድስቱን በጭድ ሸፈን ሸፈን አደረገችና ወደ ማድ ቤት ሮጠች። ጠብ! ጠብ! ጠብ!

ጠረጴዛው ላይ ዱቄት አለ፤ የተፈጨ ለውዝም አለ። እትዬ ይርገዱ ለራሳቸው የበጠበጡት ተልባም በኩባያ ተቀምጧል።

ዕንቁላሉ እጃቸው ላይ ነው። ሊሰብሩት ከፍ አደረጉት።

«ብርርርር!» ገብስማ ጠረጴዛው ላይ ዘለለች። ምንቃሯ ተልባው ውስጥ «ጥልቅ!» አለ።

ተልባን ታውቁት የለ? ሲበጠበጥ እንዴት እንደሚዝለገለግ!

ገብስማ ደንግጣ ዘወር ስትል ደግሞ ለውዙ ውስጥ በአፍጢሟ ተደፋች። ለውዙ ምንቃሯ ላይ ተጣብቆ ድብልብል ሆነ።

«ቋ! ቋ!» ልትል ፈለገች። «ምም! ምም! ምም!» ብቻ ሆነ።

እትዬ ይርገዱ ያን ያህል ደክሟቸው፣ በሳቅ ፍርስ አሉ። «ነይ እስቲ፣ ነይ ልጥረግልሽ!»

ድብልብሉን ከምንቃሯ አላቀቁት። በጣታቸው ጫን አሉት። አልተፈረፈረም።

«ይዟል! ገብስማ፣ ይዟል እኮ! ተልባው አያያዘው!»

ከዚያ ሌላኛውን እጃቸውን አዩ። ዕንቁላሉ እዚያው አለ። እትዬ ይርገዱ አፈሩ።

«ምን ነካኝ? ቄስ ላስገድፍ ነበር፤ አንቺንም ላስለቅስ። ይቅር በይኝ» አሉ።

ዕንቁላሉን ይዘው ሮጡ፣ ገብስማም ከኋላቸው ሮጠች። ስድስቱ ገና እንደሞቁ ናቸው። ሰባተኛው ግን ቀዝቅዟል።

ገብስማ ሰባተኛውን ከሆዷ ስር፣ በጣም የሚሞቀው ቦታ ላይ አስገባችው።

እትዬ ይርገዱም ተልባውን ከሊጡ ጋር ለወሱ፣ ማርማላታውን ቀቡ፣ ለውዙን ከላይ አለበሱ። ኬኩ በቢላዋ ሲቆረጥ አልተፈረፈረም።

በማግስቱ ኬኩ ለቄሱ ተላከ። ከሰዓት በኋላ «ኳ! ኳ! ኳ!» አባባ ድንቁ ባዶ ሳህን ይዘው መጡ።

«ቄሱ ‹እውነት የጾም ነው?› ብለው ሦስቴ ጠየቁኝ። እኔም ‹ይርገዱ አታታልለኝም› አልኳቸው።»

እትዬ ይርገዱ አንገታቸውን ደፉ። «ነገም እጋግርልዎታለሁ፣ አባባ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ሰው በመስኮቱ ተሰለፈ። እትዬ ይርገዱ ይጋግራሉ፣ ገብስማ ታቅፋለች።

«ኡፍ! ወገቤን!» ይላሉ አንዷ።

«ቋ! ቋ! ቋ! ደክሞኛል በቃ!» ትላለች አንዷ።

ሃያ አንደኛው ቀን ደረሰ። «ጢቅ!» አለ አንድ ዕንቁላል። «ጺው! ጺው!» አንድ ጫጩት ወጣ።

ጢቅ! ጢቅ! ጢቅ! ጢቅ! ጢቅ! ስድስት ጫጩት ሆኑ።

ሰባተኛው ዕንቁላል ዝም አለ።

ጀምበር አዘቀዘቀች። እትዬ ይርገዱ መስኮቱን ዘጉና መጥተው ከገብስማ አጠገብ ጭዱ ላይ ተቀመጡ።

«እኔ ነኝ ያቀዘቀዝኩት» አሉ። ዕንባቸው መጣ።

ስድስቱ ጫጩቶች እናታቸውን እየጎነተሉ ራበን አሉ። ገብስማ እግሯ ደንዝዟል፣ ዓይኗም ሊከደን ነው። ግን ከሰባተኛው ላይ አልተነሳችም።

እትዬ ይርገዱ ጥሬ ፈጭተው ለስድስቱ በተኑላቸው። «አንቺ አትነሺ። እኔ አበላልሻለሁ» አሏት።

ጠበቁ። ጠበቁ። አሁንም ጠበቁ።

«ጢቅ።»

በጣም ቀስ ያለች ድምፅ ናት። እስቲ እናንተም ቀስ ብላችሁ በሉ፦ «ጢቅ።»

ቅርፊቱ ተሰነጠቀ። አንዲት እርጥብ፣ ትንሽዬ ጫጩት ወጣች። መቆም አቃታትና እዚያው ልጥፍ አለች።

«መጣሽልን!» አሉ እትዬ ይርገዱ። «እሰይ! እንኳን መጣሽልን!»

ገብስማ ሰባቱንም ክንፏ ስር ሰበሰበች። እትዬ ይርገዱም ግድግዳውን ተደግፈው እንቅልፍ ይዟቸው ሄደ።

በሉ፣ እናንተም ዓይናችሁን ክደኑ፤ እኔም ልተኛ። ደህና እደሩ፣ የኔ ጫጩቶች።