ከዘጠና ሰባት ቀጥሎ

የፈተና ወረቀት የምታባዛው ልጅ፣ ቀለም የነካ ጣቷን እየጠረገች ቀና ስትል ከሒሳብ መምህሩ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ሰውዬው ሊሰጣት ያመጣውን ወረቀት እንደያዘ ተመለሰ። ተማሪዎቹ «ማሽኑ» የሚሉት፣ ካልኩሌተር መንካት የሚጸየፍ ኩሩ ሰው እሷ ፊት ምላሱ ይተሳሰራል።

አንድ ቀን መምህራን ማረፊያ ስትገባ አያትና ሰሌዳው ላይ 1,000,001 ብሎ ጻፈ።

«ይኼ ብቸኛ ቁጥር ነው። ከአንድና ከራሱ በቀር እኩል የሚያካፍለው የለም» አለ ደረቱን ነፍቶ።

ከሁለት እስከ ዘጠና ሰባት ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች በእጁ ሞክሮ ነበር። እስከ ሺህ መሄድ እንዳለበት ጠፍቶት አይደለም፤ ሰነፈ።

በሦስተኛው ቀን ልጅቷ በተበላሸ ወረቀት ጀርባ ስሌት ይዛ መጣች።

«መምህር፣ ይቅርታ... ለመቶ አንድ ሲካፈል ምንም አይተርፍም።»

መምህራኑ ሁሉ ቀና አሉ። እሱ ደነገጠ፤ የደነገጠ ሰው አፉ አያድርስ ነው።

«አንቺ ወረቀትሽን አባዢ። ይኼን ለተማረ ተዪው» አላት።

ክፍሉ ሳቀ። ልጅቷ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ አንገቷን ደፍታ ወጣች።

ወረቀቱን ገልብጦ አየው። 101 × 9901። ሦስቴ አባዛው፤ ያው ነው። እሱ ካቆመበት ከዘጠና ሰባት የሚቀጥለው ብቸኛ ቁጥር መቶ አንድ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ቁጥሩስ ይሁን፤ ያቺን የተደፋች አንገት ግን ከዓይኑ ማጥፋት አቃተው። ሳምንቱን ሙሉ በማባዣ ክፍሉ በር ላለማለፍ ሕንጻውን ዞሮ ገባ። ፈተናውን በሰው ይልክላታል፤ ጥርት ብሎ ተባዝቶ ይመጣለታል። ይኼ ደግሞ ባሰበት።

«ምን ሆነህ ነው እህል እምቢ ያለህ?» አለችው እናቱ።

«ሰው አዋረድኩ፣ እማዬ።»

«የት?»

«ሰው ፊት።»

«እንግዲያው ይቅርታውም ሰው ፊት ነዋ።»

ሰኞ መምህራኑ በተሰበሰቡበት አስጠራት። «እሷ ልክ ነበረች። እኔ ወረቀቷን እንኳ ሳላይ አዋረድኳት። ተማርኩ ባዩ እኔ፣ ያልሠራሁትን ሠራሁ ያልኩት እኔ» አለ። የሳቀ የለም። ልጅቷም ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ማባዣ ክፍሉ ድረስ ተከተላት።

«ይቅር በይኝ። ስለምወድሽ ነው የደነገጥኩት... ሰበብ አይሆነኝም፣ አውቃለሁ።»

 «መምህር» ማለቱን ተወችው።

«እኔ ለቁጥሩ ምን ገዶኝ? ከሁለት ጀምሬ ሁለት ቀን ሙሉ ያካፈልኩት፣ አንተን የማናግርበት ነገር ባገኝ ብዬ ነው።»

ሰውዬው በሃፍረት አቀረቀረ።

«ቀና በል እስቲ።»

አልቻለም። ቀለም በነካ እጇ እጁን ያዘችው፤ ቀና እስኪል ድረስ አልለቀቀችውም።